እትዬ ካውያና ሰማንያ ኪሎ

ሰውን በዐይኔ ብቻ እመዝናለሁ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው። አንድ ሰው መንገዱን ሲሻገር አረማመዱን አያለሁ፣ ትከሻውን አያለሁ፣ ከዚያ ሰባ ሁለት ወይ ስልሳ አምስት ተኩል እላለሁ። ሚዛኔ ላይ ሲወጣ ካልኩት ከግማሽ ኪሎ በላይ አይርቅም። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም አሥራ ሁለተኛን የጨረሱት ልጆች ስልካቸውን እየነካኩ የሚደምሩትን እኔ በጭንቅላቴ ደምሬ እጠብቃቸዋለሁ። ከዚህ መንገድ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ከእኔ የሚሰወር ኪሎ የለም። እንዲህ ነበር የምለው።

ሥራዬ ሰው መመዘን ነው። ፋርማሲው ግድግዳ ሥር ካርቶን አነጥፌ እቀመጣለሁ፣ ሚዛኑን ፊት ለፊቴ አደርጋለሁ። ሰው ይወጣል፣ መርፌዋ ትዞራለች፣ ቁጥሩን አነብለታለሁ፣ ይወርዳል። ሚዛኑ የእህቴ ነበር፤ አግብታ ስትሄድ ትታልኝ ሄደች። የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። በር ላይ ከተገናኘን ደህና ነሽ ይለኛል፣ ደህና እለዋለሁ፣ የሳምንቱ ወሬያችን አለቀ። ከድስቱ ግማሹን እሱ ይተውልኛል፣ ሌላ ቀን እኔ እተውለታለሁ። አንዳንዴ የምኖረው ከአጎቴ ጋር ሳይሆን ከድስት ክዳን ጋር ይመስለኛል።

መንገድ ላይ ግን ሰው ሞልቷል ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ግን የሚያየው መርፌዋን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ቁጥሩን ስነግረው ይቆጣል ወይ ይስቃል፤ ሁለቱንም የሚያደርገው ከራሱ ጋር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ ቁጥር ብቻ ወጥቶ የሚመሽበት ቀን ነበር። ለምጄው ነበር። ይህን ልማዴን ያበላሹብኝ እትዬ ካውያ ናቸው።

እትዬ ካውያ ስማቸው አይደለም። ፊት ለፊት ካለው ላውንደሪ ልብስ ስለሚተኩሱ መንገዱ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ፊቴ ቆሙ። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ዘጠና አራት አልኩ። ወጡ፤ ዘጠና አራት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። እሳቸው ሳቁና አንቺም ሚዛንሽም ሰው አታከብሩም አሉኝ።

ጉዳያቸው ጉልበታቸው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ይዘው ቆመው ቀኝ ጉልበታቸው አልቋል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሏል፤ ግን ሰማንያ ኪሎ ካልገቡ አልነካዎትም ብሏቸዋል። አሥራ አራት ኪሎ ማውረድ አለባቸው። ካልወረደ ጉልበቱ እንዲሁ እያለቀ ሄዶ አንድ ቀን መቆም ያቅታቸዋል፤ መቆም የማትችል ተኳሽ ደግሞ ማንም አይቀጥርም። የክሊኒኳ ነርስ አንድ ወረቀት ሰጥታቸዋለች፤ ምግቡ በግራ፣ ካሎሪው በቀኝ። በቀን ከሺህ አምስት መቶ እንዳያልፉ። እሳቸው ፊደል በልጅነታቸው ቆጥረው ረስተውታል። ስለዚህ ሰማያዊ ደብተር ገዝተው መጡ፤ እኔ እንድጽፍና እንድደምር።

እውነቱን ልናገር፣ በካሎሪ አላምንም ነበር። እዚህ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ያላየሁት ብልሃት የለም። ሎሚ በሙቅ ውኃ የሚጠጣ አይቻለሁ፣ ወገቡን በላስቲክ ጠፍሮ የሚሮጥ አይቻለሁ፣ እራቱን ትቶ ምሳ ላይ የእራቱንም የሚበላ አይቻለሁ። ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ይቀንሱና ደረታቸውን ነፍተው ይሄዳሉ፤ በሁለተኛው ወር እንዳላያቸው በማዶ በኩል ያልፋሉ። እንቁላል ሰባ፣ ሙዝ መቶ፤ ማን ውስጡ ገብቶ ቆጠረው? ይህን ስላቸው እትዬ ካውያ ካሎሪን እሳቸውም አይተውት እንደማያውቁ፣ ሙቀትንም አይተውት እንደማያውቁ፣ ካውያው ግን እንደሚያቃጥል ነገሩኝ። ደብተሩን ተቀበልኳቸው። እኔ እጅ ስሰጥ ብርቅ ነው።

በየጠዋቱ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ይመጣሉ፣ የፋርማሲው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፣ የትናንቱን ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ሰኞ ሰኞ ይመዘናሉ። በደብተሩ አንድም ቀን ከሺህ አምስት መቶ አላለፉም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ድሮም ብያለሁ ልል አፌን ስከፍት፣ ከውስጥ ሲሰማን የነበረው ፋርማሲስት ብቅ አለና ዘይቱን በየትኛው ማንኪያ እንደሚለኩ ጠየቃቸው።

በማግስቱ ማንኪያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው አመጡ። ፋርማሲስቱ ሲያየው ይህ አካፋ ነው አለ። የሽሮፕ መለኪያ ትንሽ ማንኪያ አምጥቶ ውኃ ሞላና ወደ እሳቸው ማንኪያ ገለበጠ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሁንም ቦታ ተረፈ። እኛ አርባ ብለን የጻፍነው ዘይት መቶ ሃያ አልፎ ኖሯል፤ ያውም በቀን ሦስት ጊዜ። እትዬ ካውያ ማንኪያዋን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ትክ ብለው አዩዋት። ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራ እንዲህ ትዋሸኝ አሉ። ፋርማሲስቱ የሽሮፕ ማንኪያዋን መረቀላቸው።

ከዚያ በኋላ መርፌዋ ታዘዘች። ዘጠና ሁለት ተኩል። ዘጠና አንድ ተኩል። በችኮላ አልነበረም፤ አንዳንድ ሰኞ ጭራሽ አትነቃነቅም፣ አንዳንዴም ወደኋላ ትመለሳለች። እሳቸው ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉና ጫማቸውን አድርገው ወደ ካውያቸው ይሻገራሉ። ካሎሪ መቁጠር ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ማንኪያው ካልዋሸ ይሠራል ነው የምለው። ብቻ ቁጥሩን የምትጽፈው ልጅም መዋሸት የለባትም፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ኪሎው አልነበረም። ሰው የበላውን ሲነግራችሁ ቀኑን ነው የሚነግራችሁ። ዳቦውን መስኮት ላይ ቆመው ዝናብ እስኪያባራ ነው የበሉት። ሩዙን የበሉት ጎረቤት ሬዲዮ ከፍታ እሱን እያዳመጡ ነው፤ ስትዘጋው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን አሁንም ለሁለት ሰው ድንች ይልጣል። የተረፈውን መጣል ስለሚከብዳቸው ራሳቸው ይበሉት ነበር። ያ አሥራ አራት ኪሎ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። የባላቸው ድርሻ ነው።

አንድ ጠዋት ደብተሩን ልከድን ስል፣ «አንቺስ ትናንት ምን በላሽ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ደነገጥኩና ዋሸሁ። ሥጋ አልኩ፣ ሩዝ በላዩ፣ ሙዝ ሁለት፣ ወተት። በይ ጻፊው አሉኝ፤ ከደብተሩ ኋላ ገልብጠው የእኔን ገጽ አስጀመሩኝ። ደመርኩት፣ ከእሳቸው በለጠ። በማግስቱም ጠየቁኝ፣ ዋሸሁ። በሦስተኛው ቀን ውሸቱ ሰለቸኝ መሰለኝ ግማሽ ድስት ምስርና ደረቅ ዳቦ አልኩ። ሰባት መቶ እንኳ አልሞላም።  ከዚያን ቀን ወዲያ በየጠዋቱ የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልኝ ጀመር። ከእኔ ተቀንሶ አንቺ ላይ ይደመራል፣ ድምሩ አይፋለስም ይላሉ። እንቁላሉ ሁልጊዜ ትንሽ ሙቅ ነው። እኔ ደግሞ ምስጋና አፌ ላይ አይመጣልኝም፤ ጨው ረስተዋል እላቸዋለሁ።

በአራተኛው ወር ሰማንያ ስድስት ገቡ። ያን ሰኞ ከሚዛኑ ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዜናቸውን ነገሩኝ። ቀዶ ጥገናው እህታቸው ያለችበት ከተማ ነው። ሰማንያ የገቡ ቀን ቤቱን ለቀው፣ ላውንደሪውንም ተሰናብተው ይሄዳሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማን ያነሳኛል፣ ማን ያስተኛኛል፤ ከእህቴ ጋር እዚያው እኖራለሁ አሉ። ስድስት ኪሎ ብቻ ቀረኝ አሉ። ደስ አይልሽም ወይ አሉኝ። ደስ ይላል አልኩ፤ እንቁላሉን ግን ሳልበላው ዋልኩ።

ሚዛኑ ከኋላ በኩል ከሆዱ ሥር አንዲት ጥቁር ጎማ አለችው። ሳንቲም ታክላለች። መርፌዋ ከዜሮ ፈቀቅ ስትል በእሷ ነው የምትስተካከለው። በሚቀጥለው ሰኞ እትዬ ካውያ መንገዱን ሲሻገሩ ዐይኔ ሰማንያ አምስት አለ። ጣቴ ደግሞ ጎማዋን ነካ አደረጋት፤ እንደማከክ ያህል። ወጡ፤ ሰማንያ ስድስት። ከዚያ በኋላ በየሰኞው እሳቸው የቀነሱትን እኔ በጎማዋ እመልሰዋለሁ። ባዶ ሚዛን የሚያይ የለም፤ ሰው ዐይኑን የሚተክለው ከወጣ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጎማዋን መልሼ ማስተካከሉ አልታሰበኝም ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት መንገዱ በሙሉ ወፈረብኝ። አንድ ሾፌር ቁጥሩን ሲያይ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ቁልፉን አውጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ እንደገና ወጣ። ሊያገባ አንድ ሳምንት የቀረው ልጅ የሰርግ ልብሱ አይገባኝም ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። አንዲት ቀጭን ተማሪ ብቻ በደስታ አቅፋኝ ሄደች። ፋርማሲስቱ ሠፈሩ ጠግቧል ማለት ነው ብሎ ሲቀልድ ሚዛኑን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ሰኞ ጠዋት ለእሳቸው ብቻ እያዞርኩ፣ ሲሄዱ እመልሰው ጀመር።

እትዬ ካውያ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ፈለጉ። ማንኪያቸው አንዴ ስለዋሸቻቸው የሽሮፕ ማንኪያዋንም ጠረጠሯት፤ ዘይቱን በግማሽ ቀነሱ። ቀጥሎ ዳቦውን ተዉ። ቀጥሎ ሙዙን። ከደብተሩ ገጽ ላይ መስመሮቹ እያነሱ ሄዱ፤ ሺህ ሁለት መቶ፣ ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ። በገዛ እጄ እየጻፍኩ፣ በገዛ አፌ እየደመርኩ። ሰውነት አንዳንዴ እልኸኛ ይሆናል አልኳቸው፤ ፋርማሲስቱ ለሌላ ሰው ሲለው የሰማሁትን ነው።

ቀሚሳቸው ወገቡ ላይ ሰፍቶ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ይሄኔ አበቃልኝ አልኩ። እሳቸው ግን በእንፋሎት ብዛት ላስቲኩ ረግቦ ነው አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ በካውያ ሥር ሲሰፋና ሲጠብ ያዩ ሴት ናቸው፤ ልብስ ይዋሻል፣ ሚዛን አይዋሽም አሉኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ዐይኔ ሰማንያ ሁለት ይላል፣ አፌ ሰማንያ ስድስት ያነባል። በዚህ ሁሉ መሃል የእኔ እንቁላል አንድም ቀን አልቀረም።

ጎማዋን መንካት ከጀመርኩ በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድ ሰኞ፣ ሲራመዱ እንደ ወረቀት ቀለው ታዩኝ። ዐይኔ ሰባ ዘጠኝ አለ። ሚዛኔ ሰማንያ ስድስት። ወርደው ግድግዳውን ተደገፉ፣ ጫማቸውን ለማድረግ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ በዝግታ፣ እንዳይሰማባቸው ያህል ተናገሩ። ካሎሪው ለሌላ ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ለእኔ ግን እንቢ ብሏል አሉ። ከዛሬ ወዲያ አልቆጥርም፣ ለእህቴም እቀራለሁ ብዬ እነግራታለሁ፣ ጉልበቴም የቻለውን ያህል ይቁም አሉ። እንቁላሌን ሰጡኝ። ደብተሩን ግን ከእኔው ዘንድ ትተውት ሄዱ።

ይቀራሉ ማለት ነው። የፈለግሁት ይህንኑ አልነበረም? ቀኑን ሙሉ ደስ እስኪለኝ ጠበቅሁ። እንቁላሉን ሳነሳው ለሁለት ወር ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ፤ የራሳቸውንስ ይበላሉ? ደብተሩን ገለጥኩ። ከገጹ ላይ እንቁላል ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላየሁትም። በመንገዱ ላይ ከእኔ የሚሰወር ኪሎ የለም ስል የነበርኩት ልጅ።

ማክሰኞ አልመጡም። ረቡዕም አልመጡም። ሐሙስ ሚዛኑን ለፋርማሲስቱ አደራ ብዬ ወደ ላውንደሪው ተሻገርኩ። ባለቤቱ ቀና ሳይል እጃቸው ተንቀጥቅጦ ካውያው ክንዳቸው ላይ እንደወደቀ ነገረኝ። ክሊኒክ ወስደዋቸዋል። ምግብ ሳትበላ ትመጣለች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ባዶ ሆድ ይዘውት ይቆማሉ እንዴ ብሎ አጉረመረመ።  ቤታቸው የት እንደሆነ ብጠይቀው እሱም አያውቀውም። እኔም አላውቀውም። መስኮታቸውን አውቃለሁ፣ ድስታቸውን አውቃለሁ፣ የጎረቤታቸውን ሬዲዮ አውቃለሁ፤ በሩ የት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ተመልሼ ጎማዋን አዞርኳት፤ መርፌዋ ዜሮ ላይ ቆመች። ራሴ ወጥቼ አየሁ። ከዚያ እስከ ሰኞ ድረስ የምናገረውን ስለማመድ ሰነበትኩ። መንገድ ላይ ለሚያልፈው ጫማ ሁሉ ተናገርኩት፣ ቤት ገብቼ ለድስቱ ክዳን ተናገርኩት። ሲያለቅሱ ታየኝ፣ በጥፊ ሲሉኝ ታየኝ፣ ይቅር ሲሉኝ ታየኝ። ባልናገር ጉልበታቸው ያልቃል፣ እኔ ነኝ የማድናቸው ብዬም አሰብኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ሰኞ መጡ። ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። እንቁላል አልያዙም። ቁጭ ሳይሉ ጀመርኩ። ጎማዋን አሳየኋቸው፣ የመጀመሪያውን ሰኞ ነገርኳቸው፣ ሾፌሩንና ሙሽራውን ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ማንም ሳይደርስብኝ በገዛ ፈቃዴ እንደተናዘዝኩም አልዘለልኩም። አሁን ይውጡ፣ ሰባ ዘጠኝ ነዎት አልኳቸው።

አልወጡም። ክሊኒክም ሚዛን አለ አሉኝ። ነርሷ ክንዳቸውን ስታሽግ መዝናቸዋለች፤ ሰባ ዘጠኝ ኪሎ፣ ስምንት መቶ ግራም። ደሜን መርምራ አየችና፣ እንዲህ ማነው ያስራበዎት ብላ ተቆጣችኝ አሉ። ስምሽን አልነገርኳትም አሉ። ለእህታቸው ደውለዋል፤ ሐሙስ ይሄዳሉ። የመጡት ደብተራቸውን ሊወስዱ ነው፣ ሐኪሙ ሊያየው ፈልጓል። አራት ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ኑዛዜ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ደብተሩን ሰጠኋቸው። ባልታመመው ክንዳቸው ሥር ሸጎጡት። የእኔም ገጽ እዚያ ውስጥ አለ፤ እሱን ልቅደደው ማለት አሰብኩና ተውኩት። ዞረው ሊሄዱ ሲሉ ነው አፌ ያልተለማመደው ነገር ያመለጠው።

«እንዳይሄዱብኝ ብዬ እኮ ነው» አልኩ።

ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጡ መሰሉኝ።

«ታዲያ ‹ይቅሩ› ይባላል እንጂ ሰው በረሃብ ይገደላል?»

ደብተሩን ክንዳቸው ሥር ሲያስተካክሉ አየኋቸው። ትንሽ ተስፋ አደረግሁ፤ ምን ላድርግ፣ ልቤ ሞኝ ነው።

«ብልዎት ኖሮ ይቀሩ ነበር?»

እትዬ ካውያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ እኔ ሰው እንደምመዝነው አድርገው።

«አልቀርም» አሉ። «ጉልበቴን ያመኛል እኮ፣ አንቺ ልጅ።»